ኮንትሮል ሲቀነስ ሌብል፦ የኤኤስኤል ዳታ አቀናነስ ላይ የተነሳ አንድ ጉዳይ

በ2003 ከፊላዴልፊያ፣ ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በኤኤስኤል፣ ማለትም የአንጎል ደም ፍሰትን በኤምአርአይ በሚለካው ዘዴ የተሰራ አንድ ጥናት ወጣ። ሀሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ሰውዬው ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ አንዴ እጁን ያንቀሳቅሳል አንዴ ያሳርፋል፣ ከዛ ሁለቱ ይወዳደራሉ። ልዩ ያደረገው በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ነው፣ እያሰፉ እያሰፉ ሄደው እስከ 24 ሰዓት አደረሱት። ማለትም ዛሬ መጥተህ ዝም ብለህ ተኛ፣ ነገ ተመልሰህ እጅህን አንቀሳቅስ ነው። እና ሰራ! እጅ የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል ወጣ። ኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ስራ በኤምአርአይ መከታተል) ላይ እጁን ያሟሸ ሰው ይሄን ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው "አይሆንም" ነው፣ ምክንያቱም በተለመደው በቦልድ መንገድ፣ የደሙን ኦክስጅን ለውጥ በሚከታተለው፣ እንኳን በቀን ልዩነት ይቅርና አንድ ብሎክ (ሳይቋረጥ የሚቀጥል የስራ ወይም የእረፍት ጊዜ) ጥቂት ደቂቃ ሲረዝም ራሱ ሲግናሉ ድሪፍት፣ ማለትም ቀስ በቀስ የሚመጣ መንሸራተት፣ ውስጥ ይሰምጣል።

ይሄ እንዴት ተቻለ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚሰጠው መልስ "ኤኤስኤል ስለሚቀነስ ነዋ" የሚል ነው። ኮንትሮል ሲቀነስ ሌብል፣ በቃ፣ ድሪፍቱ ይሄዳል። እኔ ይሄ መልስ ግማሽ እውነት ነው ባይ ነኝ፣ ቀሪው ግማሽ ነው ደግሞ ከ2002 እስከ 2006 ሶስት የአሜሪካ ቡድኖችን ያጻጻፈው፣ ፊላዴልፊያ፣ ሳንዲዬጎ እና ሚሺጋን። አሁንም ድረስ ሰው ሶፍትዌሩ ላይ የአቀናነስ አይነት ምረጥ ሲለው መጀመሪያ ላይ ያለውን ክሊክ አድርጎ ያልፋል፣ ስለዚህ ጉዳዩን ከስሩ እንየው።

መጀመሪያ ለማያውቀው። ኤኤስኤል ማለት ሰውዬው ላይ ጋዶሊንየም የሚባለውን ምስል የሚያጎላ መድሃኒት ምናምን ሳይወጋ የራሱን ደም ምልክት አድርጎ የአንጎል ደም ፍሰትን መለካት ነው። አንገት አካባቢ ደም ቅዳው ውስጥ የሚያልፈውን የደም ውሃ በሬድዮ ሞገድ ማግኔቱን ትገለብጠዋለህ፣ እስኪወጣ አንድ ሁለት ሰከንድ ትጠብቃለህ፣ ከዛ የአንጎሉን ምስል ታነሳለህ፣ እሱ ሌብል ይባላል። ቀጥሎ ሳትገለብጥ ያንኑ ምስል ታነሳለህ፣ እሱ ኮንትሮል ነው። የተገለበጠው ደም ሲግናሉን ትንሽ ስለሚቀንሰው የሁለቱ ልዩነት አንጎል ውስጥ ገብቶ የደረሰውን ደም ይነግርሃል። በ1992 ፒትስበርግ ካርኔጊ ሜለን ላይ እነ ጆን ዴትሬ፣ ዶናልድ ዊሊያምስና አላን ኮረትስኪ አይጥ ላይ ነው ያሳዩት፣ ቦልድም ሰው ላይ የታየው በዛው ዓመት ነው፣ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንዱ ግን ታዋቂ ሆነ አንዱ ለብዙ ጊዜ ጥግ ያዘ።

ጥግ የያዘበት ምክንያት ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ ነው። ከጠቅላላው የአንጎል ሲግናል 1 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ከዛ በታች። አንድ ኩንታል ጤፍ ከነጆንያው መዝነህ፣ ጤፉን ብቻውን መዝነህ፣ የጆንያውን ክብደት በልዩነት አገኛለሁ እንደማለት ነው፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ሚዛኑ ከደቂቃ ደቂቃ እየተንሸራተተ ነው። ሚዛኑ ለምን ይንሸራተታል? ስካነሩ ይሞቃል፣ ሰውዬው ቀስ እያለ ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ይተነፍሳል፣ ልቡ ይመታል። ስለዚህ "ቀንስ" ማለት ቀላል ነው፣ ማንን ከማን የሚለው ነው ጣጣው።

ቁጥር እናስገባበት። የአንድ ቮክሰል፣ ማለትም ምስሉ የተሰራበት አንድ ትንሽ ኩብ፣ ኮንትሮል ሲግናል 1000 ነው እንበል፣ የደሙ ልዩነት ደግሞ 10፣ ያው 1 ፐርሰንት። ሚዛኑ በየምስሉ 4 እየጨመረ ይንሸራተታል እንበል (አጋንኜዋለሁ፣ እንዲታይ ብዬ ነው)። ምስሎቹ ተራ በተራ ሲነሱ ኮንትሮል 1000፣ ሌብል 994፣ ኮንትሮል 1008፣ ሌብል 1002፣ ኮንትሮል 1016 ይመጣሉ። እውነተኛው መልስ 10 መሆኑን እኛ እናውቃለን፣ ኮምፒውተሩ አያውቅም።

ጥንድ በጥንድ ብትቀንስ፣ ሰዉ ፔርዋይዝ ወይም ሲምፕል የሚለው ማለት ነው፣ 1000 ሲቀነስ 994 እኩል 6፣ 1008 ሲቀነስ 1002 እኩል 6። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። ራኒንግ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ከጎረቤቱ ጋር እየቀነሰ በየምስሉ ይራመዳል፣ ሲቀጥል 1008 ሲቀነስ 994 ይመጣል፣ እሱ 14 ነው፣ ስለዚህ 6፣ 14፣ 6፣ 14 እያለ ይዘላል። ሰራውንድ የሚባለው አንዱን ምስል ወስዶ ከግራና ከቀኙ አማካይ ጋር ነው የሚያወዳድረው፣ የ1000 እና የ1008 አማካይ 1004፣ ሲቀነስ 994 እኩል 10። ቀጣዩንም ሞክሩት፣ 1008 ሲቀነስ የ994 እና የ1002 አማካይ፣ እሱም 10።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ከሶስቱ ውስጥ ግራፉ ላይ በጣም አስቀያሚ የሚመስለው ራኒንጉ ነው፣ ጥርስ ጥርስ ያወጣል። ጥንድ በጥንዱ ደግሞ ጸጥ ያለ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ልብ ያሳርፋል፣ እና የተሳሳተው እሱ ነው! ራኒንጉ ቢያንስ አማካዩ 10 ነው፣ ስህተቱንም አደባባይ አውጥቶታል። ጥንድ በጥንዱ ያደረገው ራኒንጉን ወስዶ አንዱን እየዘለለ አንዱን ማስቀረት ነው፣ እና ሲዘል 14ቱን ሁሉ ጥሎ 6ቱን ብቻ ያዘ። ሌብል ቀድሞ የተነሳበት ስካን ቢሆን ደግሞ 14ቱን ብቻ ይይዝ ነበር።

ወደ ፍሰት እንቀይረው። በ2015 የመስኩ ሰዎች፣ በዴቪድ አልሶፕ መሪነት፣ ለሆስፒታል ስራ የጋራ ስምምነት አውጥተው ነበር፣ ፎርሙላውም እዛ ላይ አለ። 3 ቴስላ ላይ የደም ቲ1 (የተገለበጠው ማግኔት ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ) 1650 ሚሊሰከንድ፣ የመገልበጥ ብቃት 0.85፣ በአንጎልና በደም መሀል ያለው የውሃ ክፍፍል 0.9፣ ሌብል የሚደረግበትና የሚጠበቅበት ጊዜ እያንዳንዳቸው 1800 ሚሊሰከንድ ብለህ ስታስገባ 10 የነበረው 86 ሚሊሊትር በ100 ግራም በደቂቃ ይሆናል፣ 6 የነበረው 52 ይሆናል፣ 14ቱ 121። የአዋቂ ሰው ግራጫ ክፍል ከ40 እስከ 100 ባለው ውስጥ ቢገባ ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ 52ቱንም 86ቱንም አይተህ "ጤነኛ ነው" ብለህ ታልፋለህ፣ የሚያስደነግጥህ 121 ብቻ ነው። የአቀናነስ ስህተት አደገኛነቱ ይሄ ነው፣ ምስሉ አይበላሽም፣ ያማረ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ሌላ ነው።

በእርግጥ እውነተኛ ስካን ላይ ድሪፍቱ በምስል 4 አይሆንም። 0.1 ቢሆን ስህተቱ ከ10 ላይ 0.1 ነው፣ 1 ፐርሰንት፣ ለዚህ ማንም እንቅልፍ አያጣም። እና ይሄ ነው ወደ ፊላዴልፊያው ጉዳይ የሚመልሰን፣ ለምን መሰላችሁ፣ ያንኑ 0.1 ድሪፍት ይዘን ምስሎቹን በተራ በተራ ፈንታ መጀመሪያ 40 ኮንትሮል ቀጥሎ 40 ሌብል አድርገን ብናነሳስ? በሁለቱ ክምር መሀል በአማካይ የ40 ምስል ርቀት አለ፣ 40 ጊዜ 0.1 እኩል 4፣ ከ10 ላይ 4 ተበላሸ፣ 40 ፐርሰንት ማለት ነው። መቀነሱ ያው ነው፣ የመቀነስ ምልክቷ አልተለወጠችም፣ ግን ምንም አላዳነችም። ያዳነው መፈራረቁ ነው። ኮንትሮልና ሌብል በአራት በአራት ሰከንድ መፈራረቃቸው፣ እሱ የተወሰነው ስካነሩ ላይ ነው፣ ዳታው ኮምፒውተር ላይ ሳይደርስ በፊት።

የ24 ሰዓቱም ነገር ይሄው ነው። ስራውና እረፍቱ በአንድ ቀን ይራራቁ እንጂ ኮንትሮሉና ሌብሉ ጎን ለጎን ናቸው። የዛሬው ፍሰት ዛሬውኑ ከዛሬ ሚዛን ጋር ተመዝኖ አልቋል፣ የነገውም እንዲሁ፣ ለውድድር የሚቀርቡት ሁለት የተጣሩ ቁጥሮች ናቸው። ቦልድ ላይ ግን ይሄ ጎን ለጎን የሚቆም ጓደኛ የለም፣ የዛሬው 1000 እና የነገው 1000 ምንም አይተዋወቁም። (ሰውዬው አንደኛው ቀን ቡና ጠጥቶ ከመጣ ግን የትኛውም አቀናነስ አያድነውም፣ ካፌይን የአንጎልን ደም ስር አጥብቦ ፍሰቱን በደንብ ይቀንሳል፣ እሱ የሚዛን ስህተት ሳይሆን እውነተኛ ለውጥ ነው፣ ለዛ ነው ተሳታፊን ከስካን በፊት ቡና አትጠጣ የሚሉት፣ ለኛ ሰው ከባድ ትእዛዝ ነው።)

የፊላዴልፊያው ቡድን ይሄን በ2003 በድንገት አልደረሰበትም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2002፣ ጆፍሪ አጊሬ ከዴትሬ፣ ከዛራንና ከአልሶፕ ጋር መሰረቱን አስቀምጦ ነበር። ያሉት ይሄን ነው፣ የቦልድ ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚረብሸው ውዥንብር፣ ዝግ ያለ ነው፣ አንዱ ነጥብ ከጎረቤቱ ጋር ይመሳሰላል፣ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ባለ ቁጥር ኖይዙ ይከብዳል። የተቀነሰ ኤኤስኤል ግን ነጥቦቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ኖይዙ በየፍሪኩዌንሲው እኩል ነው፣ ነጭ የሚሉት። ከዚህ ተነስተው ሲያሰሉ የሙከራው ለውጥ ወደ 0.009 ኸርዝና ከዛ በታች ሲወርድ፣ ማለትም ብሎኮቹ ወደ 60 ሰከንድ ገደማ ሲረዝሙ፣ አንድ ሰው ላይ እንኳን ኤኤስኤል ቦልድን ይበልጣል አሉ። ሲግናሉ ኢምንት የሆነው ዘዴ! ለፈጣን ሙከራ ቦልድ፣ ለቀርፋፋ ሙከራ ኤኤስኤል ማለት ነው፣ እና 24 ሰዓት የዚህ መስመር ጥግ ነው።

ለምን ነጭ ይሆናል የሚለውን ላብራራ፣ ቀሪው ክርክር በሙሉ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በ4 ሰከንድ አንድ ምስል የምታነሳ ከሆነ ዳታህ ሊያሳይህ የሚችለው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ 0.125 ኸርዝ ነው፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች፣ ከዛ የፈጠነ የለም። ኮንትሮል ሌብል ኮንትሮል ሌብል የሚለው መፈራረቅ በትክክል እዛ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ድሪፍቱ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው፣ ዜሮ አጠገብ። መቀነስ ማለት በሂሳብ ዳታውን በአንድ፣ በኔጌቲቭ አንድ፣ በአንድ፣ በኔጌቲቭ አንድ እያበዛህ ጎረቤቶቹን መደመር ነው። ማባዛቱ ሁለቱን ጫፎች ያቀያይራቸዋል፣ የደሙ ሲግናል ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ድሪፍቱ ወደ 0.125 ይወጣል። መደመሩ ደግሞ ፊልተር ነው፣ ላይ ያለውን ያጠፋል። ደሙ የተቀመጠበት ሰፈር ከመጀመሪያውም ኖይዙ ቀለል ያለና ሜዳ የሆነ ሰፈር ነበር፣ ስለዚህ ሲወርድ ይዞት የሚመጣው ኖይዝ ሜዳ ነው።

ይሄን "ማባዛት ከዛ ማጣራት" የሚለውን አነጋገር በ2005 በግልጽ የጻፉት የሳንዲዬጎዎቹ ቶማስ ሊው እና ኤሪክ ዎንግ ናቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ ስነጽሁፍ አንድ ብቻ አንብብ ብባል እሱን ነው የማነበው። እስከዛ ድረስ ጥንድ በጥንድ፣ ሰራውንድ፣ ሲንክ እየተባለ እንደ ተለያየ ሀይማኖት ሲያዝ ነበር፣ እነሱ ግን ሁሉም አንድ ማሽን ነው፣ የሚለያየው መጨረሻ ላይ ያለው ፊልተር ብቻ ነው አሉ። ሰራውንድ ለምሳሌ የራኒንጉን ፊልተር ሁለቴ ማሳለፍ ነው፣ ለዛ ነው ቀጥ ብሎ የሚወጣ ድሪፍትን ሙሉ በሙሉ የዋጠው። ሲንክ የሚባለውን እነ አጊሬ በ2002 ነበር ያመጡት፣ ሌብሎቹ የተነሱበትን ሰዓት በሂሳብ አንድ ምስል ወደ ጎን አሽሽቶ ልክ ከኮንትሮሉ ጋር እኩል እንደተነሱ አድርጎ ከዛ መቀነስ ነው።

ሊው እና ዎንግን ያሳሰባቸው ግን ድሪፍት ብቻ አልነበረም፣ ቦልድ ነው። ሰው ይረሳዋል እንጂ የኤኤስኤል ምስል ራሱ ቦልድ አለበት፣ ያው ኤምአርአይ ነው፣ ሰውዬው እጁን ሲያንቀሳቅስ የኮንትሮሉም የሌብሉም ሲግናል ይነሳል። እንደገና ቁጥር፣ ድሪፍት የለም እንበል፣ ፍሰቱም አልተለወጠም እንበል፣ ቦልድ ብቻ በ1 ፐርሰንት ተነሳ፣ ማለትም በ10፣ የደሙን ሲግናል ሙሉውን ያክላል። ኮንትሮሉ እረፍት ላይ ተነሳ፣ 1000። ከዛ ስራው ጀመረ። ሌብሉ 1010 ሲቀነስ 10፣ 1000 ሆነ። ልዩነቱ ዜሮ! ሰውዬው እጁን ማንቀሳቀስ በጀመረበት ቅጽበት አንጎሉ ደም አጣ ይልሃል። ስራው ሲያቆም ተገላቢጦሽ ነው፣ ኮንትሮል 1010፣ ሌብል 990፣ ልዩነቱ 20፣ ፍሰቱ እጥፍ ሆነ። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ሰራውንድ እዚሁ ቦታ ላይ የ1000 እና የ1010 አማካይ ወስዶ 1000 ይቀንስና 5 ይላል፣ እሱም ውሸት ነው ግን ግማሽ ውሸት።

ረጅም ብሎክ ከሆነ ይሄ የሚደርሰው መግቢያና መውጫው ላይ ብቻ ነው፣ መሀሉ ሰላም ነው። ስለዚህ ለብሎክ ሙከራ ሰራውንድ ወይም ሲንክ ቦልዱን በደንብ ያርቁልሃል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። አነቃቂዎቹ በዘፈቀደ ሰዓት ዱብ ዱብ የሚሉበት ሙከራ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፣ ቦልዱ በየፍሪኩዌንሲው ስለሚበተን ያ ሁሉ ማለስለስ ጥቅም አልሰጠም፣ ብክለቱን ዝቅ የሚያደርገው ተራው ጥንድ በጥንድ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይሄን ውጤት የምወደው ለዚህ ነው፣ "የትኛው ይሻላል" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው "ሙከራህ ምን አይነት ነው" ብሎ ይመልስለታል። የዚህ ዓለም ሶፍትዌር ላይ ግን ያ ጥያቄ የለም፣ ሲምፕል ሰራውንድ ሲንክ ብሎ ሶስት ምርጫ ይሰጥሃል፣ የፔንስልቬንያው የዜ ዋንግ ቱልቦክስ ሶስቱም አሉት፣ ከዛ የራስህ ጉዳይ ነው።

ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ፣ የነጥብ ቁጥር። 80 ምስል ካለህ ጥንድ በጥንድ 40 ነጥብ ይሰጥሃል። ራኒንግ 79፣ ሰራውንድ 78። ሰው 78 ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ዳታዬ በዛ ይላል። አልበዛም እኮ! ያው 80 ምስል ነው፣ ሰራውንድ ላይ አንድ ምስል ሶስት ነጥብ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ጎረቤት ነጥቦች ዘመዳሞች ናቸው። እነሱን እንደ 78 ባዕዳን ቆጥረህ ተራ ሪግሬሽን ውስጥ ብትጨምራቸው የስህተት ግምቱ ትክክል አይሆንም፣ ቲ ቫልዩው (ውጤቱ ከስህተቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚለው ቁጥር) የማይገባውን ያህል ያብጣል፣ አንጎሉ ላይ ሰራ የተባለውን ቦታ የሚያሳየው ቀይ ነጠብጣብ በዝቶ ይወጣል፣ ሱፐርቫይዘሩም ደስ ይለዋል።

በ2006 ከሚሺጋን የመጣው ቡድን፣ ጃኔት ማምፎርድ፣ ሉዊስ ኸርናንዴዝ ጋርሺያ፣ ግሪጎሪ ሊ እና ቶማስ ኒኮልስ፣ የያዘው ይሄን ነው። የኒኮልስ ሙያ ስታቲስቲክስ ነው፣ እና የስታቲስቲክስ ሰው ወደ ምስል ሰፈር ሲመጣ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁ፦ ለምን ትቀንሳላችሁ? ሞዴል የምትገጥሙ ከሆነ ማለት ነው። የተቀነሰ ዳታ ላይ ተራ ሪግሬሽን ስትሰራ ከሁለት አንዱ ይደርስብሃል አሉ፣ ወይ ስታንዳርድ ኤረሩ የተዛባ ነው ወይ ያለህን መረጃ ታባክናለህ። መፍትሄያቸው ጥሬውን 80 ምስል በሙሉ እንዳለ ማስገባት፣ መፈራረቁን ራሱን ሞዴሉ ውስጥ መጻፍ፣ እና የኖይዙን ዝምድና ልክ ቦልድ ላይ እንደሚደረገው መገመት ነው።

ሞዴሉ ውስጥ አራት ኮለም፣ ማለትም ለየምስሉ አንድ አንድ ቁጥር የያዙ አራት ዝርዝሮች፣ ይበቃል። አንደኛው ሁሉም ቦታ 1 የሆነ ቤዝላይን። ሁለተኛው ኮንትሮል ላይ 0 ሌብል ላይ ኔጌቲቭ 1፣ እሱ የእረፍት ጊዜውን ፍሰት ይይዛል። ሶስተኛው ስራ ሲኖር 1 እረፍት ላይ 0፣ እሱ ቦልድን ይይዛል። አራተኛው የሁለተኛውና የሶስተኛው ብዜት ነው፣ ስራው የጨመረውን ፍሰት የሚነግርህ እሱ ነው። በኛ ቁጥር እንሞክረው፣ አሁን ፍሰቱም በግማሽ ይጨምር፣ እጅ ሲንቀሳቀስ እንደዛ መሆኑ ያለ ነው፣ 10 የነበረው 15 ይሁን። እረፍት ላይ 1000 እና 990፣ ስራ ላይ 1010 እና 995። ሞዴሉ ሲገጥም አንደኛው 1000፣ ሁለተኛው 10፣ ሶስተኛው 10፣ አራተኛው 5 ይወጣል። ቦልዱ የራሱ ወንበር ስላለው ፍሰቱ ላይ ተደርቦ አይቀመጥም፣ መግቢያ መውጫው ላይ ዜሮና ሃያ የሚል ቅዠትም አይኖርም። እርግጥ እዚህ ጋ ቦልዱ በአንድ ጊዜ ዘሎ የሚነሳ አድርጌ ነው፣ እውነቱ ላይ ቀስ ብሎ ይነሳል ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ኮለሞቹን ከደም ስሩ ምላሽ ቅርጽ ጋር አስማምተህ ነው የምታስገባው፣ ቅርጹን ካሳሳትከው ደግሞ የተረፈው ቦልድ ወደ አራተኛው መንጠባጠቡ አይቀርም።

ይሄን ይዘን ወደ 2003 ብንመለስ ምን እናያለን? ሚሺጋኖቹ ሳይቀንሱ የሚያገኙት ጥቅም ከየት መጣ ከተባለ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ኮለም በየምስሉ የሚፈራረቁ ስለሆኑ ከመጀመሪያውም የሚቀመጡት 0.125 አጠገብ ነው፣ ድሪፍቱ በሌለበት። የኖይዝ ግምቱ ዝግ ያለውን ኖይዝ ያውቀዋል፣ ከእነዚህ ኮለሞች ጋር እንደማይነካካም ያውቃል። ፊላዴልፊያዎቹ በመቀነስ ያገኙትን እነዚህ ባለመቀነስ አገኙት፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ምንጭ ነው፣ ስካነሩ ላይ ከተደረገው መፈራረቅ። ለዛ ነው "መቀነሱ ነው የሰራው" የሚለው መልስ ግማሽ ነው ያልኩት።

በተግባር ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? ሆስፒታል ውስጥ የአንድ በሽተኛ አንድ የፍሰት ካርታ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ብዙም አያስፈልግም፣ ኮንትሮሎቹን አማክል ሌብሎቹን አማክል ቀንስ፣ ሶስቱም ዘዴ አንድ አይነት የሚባል ካርታ ነው የሚሰጡህ። የ2015ቱም ስምምነት ለክሊኒክ ተራውን ቅነሳ ነው የያዘው፣ ሊጨነቁበት የሚገባው እንቅስቃሴ ነው። ሰውዬው በኮንትሮልና በሌብል መሀል ጭንቅላቱን ትንሽ ካነቃነቀ የአንጎሉ ጠርዝ ላይ 1000 የነበረው ቮክሰል 300 ይሆናል፣ ልዩነቱ 700፣ አስሩ ደም የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ማስተካከሉ ከመቀነሱ በፊት ነው የሚመጣው፣ የተቀነሰውን ምስል በኋላ አሰልፋለሁ ማለት ከንቱ ነው። የፋይሉ ቅደም ተከተልም እንዲሁ፣ አንዳንድ ስካነር መጀመሪያ ላይ ኤምዜሮ የሚባለውን የመለኪያ ምስል አስቀድሞ ይሰጥሃል፣ እሱን ሳታወጣ ጥንድ መቁጠር ከጀመርክ ኮንትሮልና ሌብሉ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ፍሰቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ይመጣል። ቢድስ የሚባለው የዳታ አቀማመጥ ለዚህ ብሎ እያንዳንዱ ምስል ኮንትሮል ይሁን ሌብል ይሁን ኤምዜሮ በተራ የሚጻፍበት ትንሽ ፋይል ይጠይቃል፣ አሰልቺ ነው ግን ያድናል። ኔጌቲቭ የሆነ አንጎል ቢያንስ ወዲያው ይታያል።

ስራና እረፍት የሚያወዳድር ሙከራ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ የፍሰቱን የጊዜ መስመር ይዘህ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል የምትል ከሆነ፣ ያኔ ነው ምርጫው ደም የሚያወጣው። እኔ ብሆን ሞዴል መግጠም የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ጥሬውን በአራቱ ኮለም እገጥማለሁ፣ የጊዜ መስመሩ ራሱ የግድ ከተፈለገ ለብሎክ ሰራውንድ። በጊዜ መስመር ላይ ለሚሰራ የዝምድና ስራ ግን ሰራውንድም ሲንክም ቢሆን ቦልዱን ሙሉ በሙሉ አጥፍቷል ብዬ አልምልም፣ የፈጠነው ቦልድ የፊልተሩን በር አልፎ ይገባል።

እስካሁን የተጨቃጨቅነው ሁሉ ግን 1000 የምትባለዋ ቁጥር ትልቅ ስለሆነች ነው። ድሪፍቱም ቦልዱም የሚበዙት እሷን ይዘው ነው። እና ከስካነሩ በኩል የመጣው መልስ እሷኑ ማሳነስ ሆነ፣ ባክግራውንድ ሰፕረሽን ይሉታል፣ ምስሉ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ሶስት የመገልበጫ ምቶች በተለካ ሰዓት ይሰጡና የቆመው የአንጎል ሲግናል ዜሮ አካባቢ ሲያልፍ ምስሉ ይነሳል። የደሙም ልዩነት በየምቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ነጻ አይደለም፣ ምስሉም ስለሚደበዝዝ ለእንቅስቃሴ ማስተካከያ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። የ2015ቱ ስምምነት ግን ተጠቀሙበት ይላል። ከ1000 ላይ 100 ቢቀርና የደሙ ልዩነት 10 እንደሆነ ቢቆይ፣ ያ 1 ፐርሰንት ቦልድ አሁን 1 ብቻ ነው። ስራው በጀመረበት ቅጽበት ኮንትሮሉ 100፣ ሌብሉ 101 ሲቀነስ 10 እኩል 91። ጥንድ በጥንድ፣ ያ ሁሉ ሲታማ የነበረው ተራው አቀናነስ፣ ዜሮ በነበረበት ቦታ አሁን 9 ይላል።